ሦስት ማክሰኞ የተጠራው ስም

ሚስ አይሲልዳ ሐሙስ ጠዋት ከመንገዱ ጠርዝ በታች ባለው ፈፋ ውስጥ፣ ለገበያ ባሰሩት ጦስኝ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ያገኛቸው የጠፋች አህያውን ፍለጋ በማለዳ የወጣ ገበሬ ነው። ኢንስፔክተር ቬሮና ተሎክ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ከጊንጀር ሪጅ ኮረብታ ጀርባ ነበረች፤ የተጨፈለቀው ጦስኝ ግን ፈፋውን ሞልቶ ከሩቅ ይጣራል። ሰው የሞተበት ቦታ ይህን ያህል ደስ የሚል ሽታ እንዲኖረው አትወድም።

ሴትዮዋ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ሐሙስ ገበያ ለመቅደም ረቡዕ ወደ ሳልት ቤይ ይወርዱና እህታቸው ዘንድ ያድራሉ። ትናንትም መውረዳቸው ነበር። መንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት የለም። ከአስፋልቱ ዳር የግራ የፊት መብራት ስብርባሪ፣ ከሴትዮዋ ቀበቶ ዘለበት ላይ ደግሞ የነጭ ቀለም ፍቅፋቂ ተገኘ። የመታቸው መኪና ለአፍታ እንኳ አልቆመም።

ያየ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ዲያቆን የሚሉት የመንገድ ሣር አጫጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ራሱ መጣ። ትናንት የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ካለፈ ትንሽ ቆይቶ አንድ ነጭ ስቴሽን ዋገን ከላይ እየበረረ መጣ፤ ከመታጠፊያው በኋላ ጓ ሲል ሰማ፤ ፍየል የመታ መስሎት ማጭዱን ስሎ ሥራውን ቀጠለ። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ስለነበረች ሹፌሩን አላየውም። ታርጋው ግን ቀይ ነው፣ 4471።

ቬሮና ቁጥሩን እንዴት እንዳስታወሰ ጠየቀችው።

«እኔ ሰው ነው የምረሳው እንጂ ቁጥርማ አልረሳም» አላት ዲያቆን። «ያየሁትን ታርጋ ሁሉ ሎተሪ እቆርጥበታለሁ። ይሄንንም ትናንት ማታ ቆርጬበታለሁ፤ አልወጣም እንጂ።» ከዚያ ፈፋውን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

ኮንስታብል ኦሬን ቁጥሩን በሬዲዮ አስጠየቀ። ኦሬን ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጎበዝ መሆኑ እንዲታወቅለት ግን ትንሽ ይቸኩላል። መልሱ ቶሎ መጣ። መኪናው የመንገድ ታክሲ፣ ባለቤቱ ሴፋስ ደንክሊ፣ ሹፌሩ ሊንቫል ጆሳያ ፔትግሬቭ። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ በቅጣት ነጥብ ብዛት ከመጋቢት ጀምሮ ታግዷል። አሁን ሰኔ ነው።

ሊንቫል ፔትግሬቭን ግን የሚያውቀው ሰው ጠፋ። ውሃ የሚቀዱትን ጠየቁ፣ ትምህርት ቤቱን ጠየቁ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በጊንጀር ሪጅ ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የሚጠራበት፣ ሌላው የሚቀበርበት። ቬሮና ራሷ ከእንዲህ ያለ ኮረብታ የወጣች ናትና አልገረማትም። የአባቷን ትክክለኛ ስም ያወቀችው በሬሳ ሣጥናቸው ላይ ተጽፎ ስታነበው ነው።

መጨረሻ ላይ የደንክሊ ሱቅ ደረሱ። ሱቁ የመንደሩ ፖስታ ቤትም ነው፤ የደንክሊ እህት ሚስ አልማይራ በየማክሰኞው ከደረጃው ላይ ቆማ በደብዳቤዎቹ ላይ የተጻፈውን ስም ጮክ ብላ ትጠራለች፣ የቆመው ሰው «አቤት» ብሎ ይቀበላል። ስሙን ስትሰማ ግንባሯን ቋጠረች። አፏ ያውቀዋል፣ ሰውየውን ግን አታውቀውም አለች። ቬሮና ይህን አባባል ልብ ሳትለው አለፈች፤ በኋላ በዚህ ራሷን ስትረግም ኖራለች።

ደንክሊ ከጓዳ ወጣ። ከንፈሩ ወፍራም፣ ሸሚዙ በስታርች የደረቀ፣ አነጋገሩ የዋህ ነው።

«ድንቢጥ ነዋ!» አለ። «የማማ ስኳር ልጅ። መኪናው ሌት ተቀን እሱ ዘንድ ነው፤ እኔ መሪ ከጨበጥሁ ሦስት ዓመቴ። ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል።» ጉልበቱን ዳበስ አደረገ። ስለ ሚስ አይሲልዳ ሲነግሩት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንባው እውነተኛ ነበር።

ድንቢጥ ከእናቱ ጋር የሚኖረው ከሱቁ በላይ፣ መንገዱ በሚያልቅበት ነው። አጭርና ቀጭን፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት ሰው። ፖሊስ ሲያይ መጀመሪያ የተመለከተው እናቱን ነው። ኦሬን መኪናውን ላያት ብሎ ከድንቢጥ ጋር ወደ ጓሮ ሄደ። ቬሮና በረንዳው ላይ ከማማ ስኳር ጋር ቀረች።

ማማ ስኳር ስማቸውን ያገኙት በወጣትነታቸው የኮኮናት ከረሜላ እየሠሩ ሲሸጡ ነው። አሁን እግራቸው አብጧል፤ ግራ ክንዳቸው ላይ ደም ሥሩ በመርፌ ብዛት እንደ ገመድ ተቋጥሯል። ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቁመዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳልት ቤይ ወርደው ደማቸው በማሽን ይታጠባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል መውረጃ፣ አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል መመለሻ። ሦስት ቀን ከቀሩ ቦታቸው ለሌላ ይሰጣል። ዶክተሩ፣ ሁለት ሳምንት ያለ ማሽን ከቆዩ እሳቸውም እንደማይኖሩ አልደበቃቸውም።

«ማነው የሚያደርስዎት ታዲያ?» አለች ቬሮና።

«የቤተ ክርስቲያኑ መኪና» አሉ ማማ ስኳር፤ ቶሎ አሉት፤ ከዚያ የዝንጅብል ሻይ ቀዱላት። «ጠጪ ልጄ። ፊትሽ ቁርስ ያልበላ ሰው ፊት ነው።»

ቬሮና አንድ ኩባያ ጠጣች። ደከም ብሏት ነበርና ሁለተኛም ደገመች። ያቺን ሁለተኛ ኩባያ እስከ ዛሬ አትረሳትም።

ወደ ጓሮ ስትሄድ ኦሬን ፊቱ በርቶ ጠበቃት። የቀኝ መብራቱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፤ የግራው ግን ጥርት ያለ፣ በቅርብ የተቀየረ ነው። ድንቢጥ ባለፈው ወር ደንክሊ አምጥቶ እንዳስገባው ተናገረ። ቬሮና ጎንበስ ብላ የመኪናውን አፍንጫ አየች፤ የሳምንት አቧራ ሳይነካ ተኝቶበታል። ደግሞም አሸተተችው። ቤንዚንና አቧራ ብቻ ነው።

ጣቢያ ወስዳ ቃሉን ተቀበለችው።

«ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ቦዬ ከተከልሁበት ማሳዬ ውስጥ።»

«መኪናውስ?»

«ግቢ ቆሞ። እኔ እኮ አልነዳም ኢንስፔክተር። መንጃ ፈቃዴ ታግዷል።»

«መታገዱን ያወቅኸው መቼ ነው?»

ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ከዚያ ቃሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። በመጋቢት ድልድዩ ጋ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ነገረው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ በጣቱ አልነካም፤ መኪናውን የሚያጥበው ብቻ ነው። ቬሮና ቃል በቃል ጻፈች፣ አነበበችለት፣ ፈረመ። ብዕሩን ሳያስቀምጥ ጠየቃት።

«ጨረስን እንዴ? ነገ ዓርብ ነው።»

«ዓርብ ምን አለ?»

«ምንም» አለ ድንቢጥ። «ዓርብ ነው ብዬ ነው።»

ቃሉ ከሰዓት በኋላ ተናደ። ረቡዕ ጠዋት ሁለት አስተማሪዎች፣ አንዲት ነርስና አንድ ግንበኛ በድንቢጥ ታክሲ ወርደዋል፤ ያውም ከኋላ አራት ሆነው ተጠጋግተው። ሰዎቹ እሱን የጎዱት አልመሰላቸውም፤ ሹፌር አይደል፣ ነዳ። ለኦሬን ጉዳዩ አልቋል። ውሸታም አገኘ፣ ታርጋ አገኘ፣ አዲስ መብራት አገኘ። ድንቢጥ በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት እጁን በብረቱ አሾልኮ፣ አልገደልኩም፣ መሪም አልነካሁም ይላል። የመጀመሪያው እውነት፣ ሁለተኛው ውሸት መሆኑ መኪናውን ላሸተተችው ለቬሮና ግልጽ ነው። ሰው እውነቱን ከውሸቱ ጋር ለምን አንድ ላይ እንደሚያስር ነው ያልገባት።

ዓርብ ቀትር ላይ ቄሱን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ጠየቀቻቸው። ቄሱ ሳቁ። መኪናው ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ከገባ አንድ ወሩ ነው፤ ምእመናኑ በእግር ነው የሚመጡት። ማማ ስኳርም ዋሽተዋል ማለት ነው። ታዲያ ረቡዕ ማሽኑ ዘንድ ማን አወረዳቸው? ይህን ስታስብ ቬሮና መኪናዋን አስነስታ ወደ ላይ ወጣች። ማማ ስኳር በረንዳው ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የሚጠብቁት ሰው የለም። ግን ዓርብ ነው።

ራሷ አወረደቻቸው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

የኩላሊት ማጠቢያው ቤት በር ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ይጠብቃሉ። ባላቸው ሥራ የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ የገባውን መኪና ሁሉ ቁጥርና ሰዓት፣ የሹፌሩንም ስም በትልቅ መዝገብ ይጽፋሉ። ማማ ስኳርን አይተው እጅ ነሱና ወደ ቬሮና ዞሩ።

«ድንቢጥ አሞት ነው?»

ቬሮና መዝገቡን አሳዩኝ አለች። ረቡዕ፤ 4471፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ገባ፤ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ወጣ፤ ሹፌር ድንቢጥ። በመሀሉ አልወጣ እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ተቆጡ። መኪናው ከፊታቸው፣ ማንጎው ሥር ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩም ወንበሩን ለጥጦ ሲያንኮራፋ አምሽቷል።

ቬሮና መዝገቡን እንደያዘች ግንቡ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 4471 ሳልት ቤይ ማንጎ ሥር ቆሟል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 4471 ጊንጀር ሪጅ መታጠፊያ ላይ ሰው ገድሏል። ዲያቆን ቁጥር አይረሳም፣ ሽማግሌውም አይሳሳቱም። ሁለቱም ልክ ከሆኑ መኪናው ሁለት ነው። እዚያ አገር ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ባለታክሲው ለአንድ መኪና ፈቃድ ያወጣና ታርጋውን አስገልብጦ ሌላ ተመሳሳይ መኪና ላይ ይለጥፋል። ሁለቱ አብረው እስካልታዩ ድረስ ማንም አይነቃም።

ማታ ማማ ስኳርን ቤታቸው መልሳ ደንክሊ ቤት ስትደርስ አልጠራችውም፤ ከኦሬን ጋር በቀጥታ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ሄደች። በሸራ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። ሸራውን ገና ከአንድ ጫፍ ስታነሳው ሽታው መጣ። ነጭ ስቴሽን ዋገን ነው፤ ታርጋው 4471፤ ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ በፊት ፍርግርጉ ውስጥ የደረቀ ጦስኝ ተሰክቷል።

ደንክሊ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልሮጠም፤ ጉልበቱ እውነትም ታማሚ ነው። ጠበቃው እስኪመጣ ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ግን ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ሁለተኛውን መኪና እሱ ራሱ፣ ዕቃ ለማመላለስ ብቻ፣ አልፎ አልፎ ይነዳዋል። ፀሐይዋ ዓይኑን ወጋችው።

«እጃቸውን አንስተው መሀል መንገድ ወጡ» አለ። «እየሳቁ ነበር። ድንቢጥ ተመልሶ የመጣላቸው መስሏቸው ነው። እሱ እኮ ሁሌ ይቆምላቸዋል።»

«አንተስ ለምን አልቆምክም?»

«ታርጋዋ» አለ ደንክሊ፣ ከራሱ አፍ የሚሰማውን እየፈራ። «ብቆም ስለ ታርጋዋ ይጠይቁኛል።»

ቬሮና የሠራችባቸው ዓመታት ሃያ ሁለት ናቸው፤ ከዚህ የባሰ ምክንያት ሰምታ ታውቅ እንደሆነ አሰበች፤ አልመጣላትም።

የምሥራቹን ይዛ ወደ ድንቢጥ ሄደች። ያን ሌሊት የተሰማት ደስታ አሁን ስታስበው ያሳፍራታል። ደንክሊ መያዙን፣ እሱ ከሰው ግድያ ነፃ መሆኑን ነገረችው። ድንቢጥ ሚስ አይሲልዳ እየሳቁ መውጣታቸውን ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ረቡዕ እሳቸውንም ሊያወርዳቸው ቆሞ ሁለቴ ጥሩምባ ነፍቶላቸው ነበር። ጦስኙን አሥረው አልጨረሱም፤ እናቱ ደግሞ ማሽኑ አይጠብቃቸውም። ሂድ አሉት፣ ሄደ። ከዚያ ድንገት ቀና አለ።

«እኔ እዚያ እንዳልነበርኩ በምን አወቃችሁ?»

«በበረኛው መዝገብ።»

ድንቢጥ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እና መንዳቴ ተጽፏል ማለት ነው» አለ።

አዎ፣ ተጽፏል። ከአንዱ ጉድጓድ ያወጣው ገመድ ራሱ የሌላው ሰንሰለት ነው። መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ሳለ ተሳፋሪ የጫነ ሹፌር ኢንሹራንሱም እንደሌለ ይቆጠራል፤ እስራት አለው፣ ፈቃዱም ለዓመታት ይሰረዛል። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ፣ ሚስተር ኳሪ የሚባል አቧራ የለበሰ ጫማ ያለው ደግ ሰው፣ መከላከያው ሁለት ብቻ መሆኑን ለቬሮና በአጭሩ ነገራት። አንዱ፣ ድንገተኛ ነገር ገጠመኝ ማለት ነው። የታመሙ እናት አሉት፣ አለች ቬሮና።

«ድንገተኛ ነገር በሳምንት ሦስት ቀን፣ በሰዓቱ አይመጣም» አላት ኳሪ። «ሁለተኛው፣ መታገዴን አላወቅሁም ማለት ነው። ማስታወቂያው እጁ አልገባም ከተባለ፣ ነፃ ነው። ችግሩ በፖስታ መላኩ ነዋ፤ የተላከ ደርሷል ይባላል።»

ቬሮና ወደ ድንቢጥ ተመለሰችና፣ በመጋቢት ያስቆመህ ትራፊክ ማን ነው ብላ ጠየቀችው። ድንቢጥ እውነቱን ነገራት። የትኛውም ትራፊክ አላስቆመውም። ተከሶ የከፈላቸው የትርፍ ሰው ቅጣቶች ነበሩ፤ ሲከፈሉ ነጥቡም አብሮ የሚሰረዝ መስሎት ነበር። መታገዱን የሰማው ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ጓሮው ውስጥ፣ ከኦሬን አፍ። «አንተ እኮ ከመጋቢት ጀምሮ ታግደሃል፤ እንዴት ትነዳለህ?» ብሎት ነበር። ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ ድንቢጥም ያቺን ጨበጠ። የታገደ ሰው አይነዳም፤ ያልነዳ ሰው አይገድልም። ጣቢያ እስኪደርስ መንገድ ላይ ድልድዩንና ትራፊኩን ጨመረበት።

ቬሮና የሚስ አልማይራ ቃል ያን ጊዜ ትዝ አላት። አፌ ያውቀዋል።

ሱቁ ተዘግቶ ነበር። ሚስ አልማይራ በወንድሟ ነገር ዓይኗ አብጦ ከፈተችላት፤ ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ሰው ያልቀረበባቸው ደብዳቤዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ከሥር፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ቡናማ ፖስታ ነበር፤ ሚስተር ሊንቫል ጆሳያ ፔትግሬቭ። አፉ አልተከፈተም። ሚስ አልማይራ ሦስት ማክሰኞ ጠርታዋለች። ድንቢጥ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ ደረጃው ሥር የቆመው ሰው ደግሞ፣ ይሄ የሞተ ሰው መሆን አለበት እያለ ስቋል። ሃያ ሰው ይመሰክራል።

ቬሮና ፖስታውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መኪናዋ ሮጠች ማለት ይቻላል። የታሸገ ደብዳቤ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ቁልፉን ስታዞር ነው የራሷ የእጅ ጽሑፍ ዓይኗ ላይ የመጣው። «በመጋቢት ድልድዩ ጋ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ መታገዴን ነገረኝ።» ደብዳቤው ባይደርሰውም በአፍ ተነግሮታል። እሱ ራሱ ብሏል፤ እሷ ጽፋለች፤ እሱ ፈርሟል። ሞተሩን አጠፋችና እዚያው ተቀመጠች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ።

አንድ ተስፋ ቀርቷል፤ ኦሬን። ጣቢያው ጓሮ ጥግ አቁማ ጠየቀችው። ሐሙስ ጠዋት መናገሩን አልካደም፤ ለእሷ። በጽሑፍ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

«ተጠርጣሪ ቃሉን ሳይሰጥ አወራሁት ብዬ ልፈርም? ማዕረጌ በሚቀጥለው ወር ነው።»

«እውነቱ እሱ ነው ኦሬን።»

«በመጋቢት ድልድዩ ጋ ስንቱን አስቁሜያለሁ፤ ማንን አስታውሳለሁ? ተነግሮኛል ካለ፣ ነግሬዋለሁ ማለት ነው።» ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ቢኖርበት ይቀላት ነበር።

ያን ወረቀት መቅደድ አሰበች። ቅጂው አቃቤ ሕጉ ዘንድ ገብቷል። የቻለችውን አደረገች፤ በራሷ ስም ሁለተኛ ሪፖርት ጻፈች። በውስጡ ጓሮውን፣ ኦሬንን፣ ሁለቱን የሻይ ኩባያ ሳይቀር አሰፈረች። አለቃዋ ካነበበው ቀን ወዲህ ለሹመት ስሟን ያነሳ የለም። አቃቤ ሕጉ ሁለቱንም ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አኖረ። ኳሪ ተስፋ አልሰጣትም።

«ደንበኛዬ ምን ይበል? ያኔ ዋሽቻለሁ፣ አሁን ግን እመኑኝ?»

ድንቢጥ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ካመንህ ይቀልልሃል ተባለ፤ ቀለለትም፤ ስድስት ወር። ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ተሰረዘ። ደንክሊ ከከተማ ጠበቃ አስመጥቶ በዋስ ወጣ፤ ጉዳዩ ለሚመጣው ዓመት ተቀጥሯል፤ ጠበቃው ስለ ፀሐይዋ ብዙ ይናገራል ይባላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ድንቢጥ ላይ ጠራና ምን ፈየደ?

ወደ ወህኒ ሊወስዱት ሲሉ ድንቢጥ ቬሮናን አስጠራት። አልወቀሳትም። እናቱ መንገድ ላይ ወሬ እንደማይወዱ፣ መስኮቱ ግን በነሱ በኩል ክፍት መሆን እንዳለበት ነገራት። ሲመለሱ ይበርዳቸዋል፣ ከኋላ ወንበር ላይ ፎጣ አለ።

ቬሮና ረቡዕ ረቡዕን ያዘች። ሰኞን ግንበኛው ከአንድ ዘመዱ መኪና ተውሶ ሁለት ጊዜ አወረዳቸው። ዓርብን ነርሷ ሞከረች። መንደሩ ሰው አልጠፋበትም፤ መኪና ነው የጠፋበት፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ለማሽኑ ሰዓት አይደርስም፤ የመጀመሪያው 4471 ማስረጃ ሆኖ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጎማው ተንፍሷል። አንድ ሰኞ ቀረ፣ ከዚያ ዓርብ፣ ከዚያ ቬሮና ለሌላ የነፍስ ግድያ ተመድባ የሄደችበት ረቡዕ። በአራተኛው ሳምንት በማማ ስኳር ትክክለኛ ስም የተጻፈ ወረቀት በቬሮና እጅ መጣ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። ቬሮና ማጠቢያው ቤት ሄዳ ለመነች። ቦታውን ያገኘችው የሁለት ልጆች እናት የሆነች ወጣት ናት፤ መኪናም አላት። በረኛው ሽማግሌ መዝገባቸውን ዘግተው ወደ ሌላ በኩል አዩ።

ማማ ስኳር በስድስተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሞቱ። ቬሮና ማክሰኞ ወደ ላይ ወጣች፤ ለልጁ ማን እንደሚነግረው መምከር ነበረባት፣ ማንም እንደማይሆንና እሷ እንደምትሆን እያወቀች።

ሱቁ ደረጃ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሚስ አልማይራ ደብዳቤ ትጠራለች። የግንበኛውን ጠራች፣ የነርሷን ጠራች። ከዚያ አንድ ቀጭን ፖስታ አነሳች፤ ጥግ ላይ የወህኒ ቤቱ ማኅተም አለበት። ወህኒ ቤት የቅጽል ስም አይቀበልም፤ ላኪውም ተቀባዩም በትክክለኛ ስማቸው ነው የሚጻፉት።

«ሚስ ዩጂኒያ ማክፎይ» አለች ሚስ አልማይራ።

ሰዉ ተያየ። ድንቢጥ የአባቱን ስም ነው የያዘው፤ የእናቱን ስም የሚያውቅ የለም።

«ሚስ ዩጂኒያ ማክፎይ» አለች እንደገና። አንድ ሰው፣ ይህቺ ደግሞ የት አገር ሰው ናት ብሎ ሳቀ። ሚስ አልማይራ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራችና ፖስታውን ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ልትመልስ እጇን አወረደች።

«አቤት» አለች ቬሮና፣ እና ደብዳቤውን ለመቀበል ወደ ደረጃው ሄደች።